ከታች ያለው ግማሽ

አፉላ ላይ ነጋ።
መጋረጃ ገልጬ ታቦርን ስፈልገው
ራሱ በቦታው ነው፤ እግሩን ማን ወሰደው?
እርሻው የለ፣ ጎዳናው የለ፣ ፌርማታው የለ፤
ሸለቆው ወደ ውስጥ እንደ ጨርቅ ታጥፎ
በማላውቀው መርፌ ተቀምቅሞ ጠፍቷል፤
ከሥሩ አንድ ጣቃ ግራጫ ተርፏል።

ቀኙን ዓይኔን ቀድሞም ሞራ ሸፍኖታል፣
የቀዶ ጥገናው ወረፋ ዓመት አልፎታል፤
እንጀራዬ በግራው ነበር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማዛል ሱቅ ጓዳ
የሙሽራ ቀሚስ ስቀመቅም ኖርኩኝ፣
በጉልበቴ ቆሜ፣ ስፒል በከንፈሬ፤
የአንዷንም ሙሽራ ፊቷን በቅጡ አላውቅ፣
ጫማቸውን እንጂ።
ዛሬ ተገለበጠ፤
ፊት አለ፣ ጫማ የለም።

ዓይናዲስ ነቅታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።
ግንባሯን አየሁት፣ ቅንድቧን አየሁት፣
ቃሉ የመጣበት አፏ ግን አልነበረም፤
ድምፅ ከባዶ ቦታ ሲወጣ ሰማሁት።
«ምንም» አልኳት፣
ጫማዬን በእጄ እየዳበስኩ።

ክኒኑን ከጀመርኩ ዐሥራ አንደኛ ቀኔ።
ነርሷ ክንዴን አስራ፣ ነፍታ ነፍታ ለቅቃ፣
ቁጥሩን ደግማ አይታ፣
«ደምህ በዝቷል፣ አባ» ብላኝ ነበር ተጨንቃ።
ሳቄ መጣ።
በጉልምስናዬ ክንዴን ዘርግቼ የሰጠሁትን ደም
ከየት እንደመጣሁ ሲያዩ ወስደው ደፉት አሉ፤
ያኔ አይፈለግም፣ ዛሬ ደግሞ በዛ፣
ምነው በአንድ ደም ላይ ስንቱን ይላሉ!

ብቻ ዋጥኩት። ማታ ማታ፣ ልተኛ ስል፣
ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰች ነጭ እንክብል።
ግፊቱ ወረደ። ሁሉም ደስ አለው።
እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣
በጆሮዬ ሲጮኽ የከረመው ዝንብ ዝም ሲል ደስ አለኝ።

ዶክተር ሩላ፣ የናዝሬት ልጅ፣ ዓይኔን በብርሃን በርብራ
ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና፦
«ሌሊት ስትተኛ ደም በራሱ ይወርዳል፤
ክኒኑ ደግሞ ይበልጥ ሳያወርደው አልቀረም።
የመስኖ ቱቦ ታውቃለህ? ግፊቱ ሲደክም
ውኃ መጀመሪያ የሚቀርበት ማሳ
ዳር ያለው ነው። ያንተም የዓይን ጅማት
እዚያ ዳር ላይ ነበር።»
«እርግጠኛ ነሽ፣ ክኒኑ ነው?»
«አይደለሁም።»
ለዚህ ወደድኳት።
«ይመለሳል?»
ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ፤ እጇ አይታየኝም።
«ላቁመው ታዲያ?»
«እንዳታቆም! ሰዓቱን እንቀይር፣ መጠኑን እንቀንስ፤
ልብህም አለ፣ ኩላሊትህም አለ።»

ስለዚህ ዓይኔን የበላውን
ጠዋት ጠዋት እበላዋለሁ።

ኖጋ፣ የልጅ ልጄ፣ ሁለት ቋንቋ እየቀላቀለች ገባች፤
«አባባ፣ ጥርሴ ወለቀ! እይ!»
እኔ የማየው ፀጉር ነው፣ ቢጫ ሪባን፣
የተነሡ ሁለት ቅንድቦች።
አንገቴን ደፋሁ፤ ጨምሬ ደፋሁ፤
አገጬ ደረቴን ሲነካ
ከግራጫው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፦
በሳቅ መሀል የተከፈተች
አንዲት ጥቁር መስኮት።
«አየሁት» አልኩ። ሳልዋሽ።

አባቷ ዘወትር ይለኝ ነበር፦
«እዚህ አገር አንገት አይደፋም፤ ቀና በል፣
ዓይን ዓይናቸውን እያቸው።»
ቀና ማለት ለመድኩ፣ ሃያ ዓመት ቢፈጅም።
አሁን ከደረጃው ስወርድ፣ መንገድ ስሻገር
አቀርቅሬ ያየኝ ሰው
«ትሑት ሽማግሌ፣ የድሮ ሰው» ይላል።
አያውቅም፤
ምድሪቱን ነው የምፈልጋት፣
ከእግሬ ሥር ነበረች።